በጉም ውስጥ የቆሙት አቶ በላቸው ይርዳው

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም ሥራችሁን ፈትታችሁ፣ ከወረታ፣ ከሐሙሲትና ከይፋግም መንገድ አቋርጣችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ወገኖቻችን፤ ዛሬ በቁሐር ሚካኤል ደጅ የምንሸኛቸውን የአጎቴን የአቶ በላቸው ይርዳውን ዜና ሕይወት እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ ያዘዘኝ እኔ የወንድማቸው የአቶ ገበያው ልጅ ደሳለው ነኝ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአባቴ ስም ደጋግሞ ይነሣል፤ ሁልጊዜም በመልካም አይነሣም። አባቴ እዚሁ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ትናንት ሳነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ አንዲት ቃል እንዳልሰርዝ አዝዘውኛል።

አቶ በላቸው ከአባታቸው ከአቶ ይርዳው ቢሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባንቺ አለምነህ፣ በፎገራ ሜዳ፣ ከቁሐር ሚካኤል ዝቅ ብላ የጣና ውሃ ሊነካት ጥቂት በቀራት ደንገል ዳር በምትባል ጎጥ፣ በ1946 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ እንደሚያወሩት፣ የተወለዱበት ማለዳ ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ሜዳውን ከመሸፈኑ የተነሣ አዋላጇ ቤቱን አጥታ የጎረቤት በር ስታንኳኳ፣ ሕፃኑ ማንንም ሳይጠብቁ መጥተው ኖሯል። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ እንጃ፣ አጎቴ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ ጉም ሲያዩ ሥራ የሚፈቱ ሰው ነበሩ። እርፍ እንደ ጨበጡ ቆመው ወደ ሐይቁ ሲመለከቱ፣ በሬዎቻቸውም ጠባያቸውን ለምደው አብረዋቸው ይቆሙ ነበር።

ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ታላቁ አባቴና ታናሹ አጎቴ፣ በአንድ መደብ ላይ በአንድ ጋቢ ተኝተው አደጉ። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብርድ ሲነካቸው ደረቅ ሳል ያስሉ ስለ ነበር፣ አጎቴ በእንቅልፍ ልባቸው እንኳ ያን ሳል ሲሰሙ የጋቢውን እኩሌታ ወደ ወንድማቸው የመግፋት ልማድ እንደ ነበራቸው አያቴ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከየኔታ መባ ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ነገር ግን የኔታ፣ ይህ ልጅ ዳዊቱን ከሚደግመው ሕልሙን የሚያወራው ይበልጣል እያሉ ሲያማርሯቸው ኖረዋል። ከዚያም ወደ ወረታ ተልከው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በማረፋቸው ወደ እርሻው ተመለሱ። ሩዝ የሚባለው እህል ወደ ሜዳችን በመጣ ጊዜ፣ በውሃ ላይ የሚዘራ እህል የዓሣ ቀለብ ነው እየተባለ ሲሳቅ፣ በደንገል ዳር መጀመሪያ የዘሩት አባቴ ሲሆኑ ሁለተኛው አጎቴ ነበሩ። ለምን ሁለተኛ ሆኑ ቢባሉ፣ አያ ገበያው ከቀደመ እኔ ምን አስፈራኝ ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ገላነሽ ዘመኑን ከይፋግ አግብተው ወገኔን፣ ውዳሴንና ትሁንን ወልደው አሳድገዋል። ወይዘሮ ገላነሽ ባለቤታቸው ጠዋት ጠዋት የሚያወሩትን ሕልም ከቁርስ ጋር ሲሰሙ ኖረው፣ የሚያምኑት ግን ከስንት አንዱን እንደሆነ በራሳቸው አንደበት ነግረውኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶቻችን ለማስረዳት፣ በደንገል ዳር በየዓመቱ የክረምቱ ውሃ ከሸሸ በኋላ በጥቅምት ወር የሚመረጥ የውሃ አባት የሚባል ሹም አለን። ቦይ መቼ እንደሚጠረግ፣ ክትሩ የት እንደሚጠገን፣ ወንዙ ሞልቶ በመጣ ቀን የትኛው ቦይ አፉ እንደሚከፈት የሚያዝዙት እርሳቸው ናቸውና፣ ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን የለም። አመራረጡም በሰልፍ ነው፤ እጩዎቹ በሜዳው ላይ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ሕዝቡም ወንድ ሴት ሳይባል ከወደደው ሰው ኋላ ሄዶ ይሰለፋል። ማን ከማን ኋላ እንደ ቆመ ሁሉም ያያል፤ አማትም ያያል፣ የክርስትና አባትም ያያል፣ ነገ በሬ የሚያቀናጀው ጎረቤትም ያያል።

ለብዙ ዘመን በዚያ ሜዳ ላይ የሚቆሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ነፍሳቸውን ይማርና ስማቸውን የማልጠራው ሽማግሌ፣ ውሃውን ለዘመድ የሚያጠጡ፣ ጎርፉን ለባዕድ የሚለቁ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው አባቴ ናቸው። አባቴ የሰው ነገር የማይነኩ፣ ጉልበተኛም ያልሆኑ፣ ነገር ግን ስለ ቦይና ስለ ክትር ከማንኛችንም የተለየ ዕውቀት ያልነበራቸው ሰው ሲሆኑ፣ የሚመረጡትም ከዚያኛው ይሻላሉ ተብለው ብቻ ነበር። አጎቴም እንደ ሌላው ሁሉ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያሉ ሲሥቁ፣ በየጥቅምቱ ከወንድማቸው ኋላ ይቆሙ ነበር።

በአንድ ክረምት፣ ውዳሴ ወረታ አሥረኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ ወንዙ ከወትሮው በላይ ሞልቶ መጣ። የውሃ አባቱ አባቴ ነበሩ። የላይ ሰፈርን ቦይ አስከፍተው ሌቱን ሙሉ በዝናብ ውስጥ ቆመው ሲያሠሩ አደሩ፤ የላይ ሰፈር ቤትም ከብትም ተረፈ። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ የሚኖሩበት የታች ሰፈር ቦይ ግን በዚያ ዓመት ጨርሶ አልተጠረገም ነበርና፣ ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ቤታቸው ገባ። አባቴ ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም። ረስተዋቸው ነው። እንዲሁ፣ ሰው አንድ ነገር እንደሚረሳ፣ አንድ ሰፈር ረሱ።

ማለዳ አጎቴ በታንኳ ወደ ታች ሰፈር ሲወርዱ፣ አሮጊቷን ሸክላ ሠሪ ወይዘሮ ካሰችን ከጣራቸው ሥር በቆጡ ላይ ተጠግተው አገኟቸው። አውርደው በታንኳው አስተኝተው፣ ጋቢያቸውን አልብሰው ወደ ደረቁ መሬት ሲቀዝፉ፣ ወይዘሮ ካሰች መንገድ ላይ ዐረፉ። በእነርሱ ድስት ወጥ እየሠራን፣ በእነርሱ ማረሻ እያረስን፣ በዕድራችን ግን ስላላስገባናቸው፣ ወደ ቀብራቸው ከላይ ሰፈር የሄደ ሰው አልነበረም፤ አጎቴ ብቻ ቃሬዛውን ከልጆቻቸው ጋር ተሸክመው ቀበሩ። ወደ ቤታቸው ተመልሰውም ለወይዘሮ ገላነሽ፣ ሴትዮዋን የገደለው አያ ገበያው ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ቆመን የነበርነው ሁላችን ነን፣ እኔም ቆሜ ነበር ብለው አለቀሱ።

በዚያ ሰሞን ያዩትን ሕልም ለብዙዎቻችን ነግረውናል። የደንገል ዳር ሰው ሁሉ በአንድ ሰልፍ ሆኖ በውሃ ውስጥ ይሄዳል፤ ውሃው ሞቅ ያለ ነው፣ የሚጮህም የለም፤ ሰልፉ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከፊት የሚመራው ሰው ግን ፊት የለውም፤ ፊት እንደሌለው እያወቀም ማንም ከሰልፉ አይወጣም፤ ምክንያቱም ሁሉም የፊተኛውን ሰው ጀርባ ብቻ ያያል። ወይዘሮ ገላነሽ ካመኗቸው ጥቂት ሕልሞች አንዱ ይህ ነበር።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አጎቴ ስለ ማንኛውም ሹመት ሲወራ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ ምን ያውቃል? ማንንስ ይረሳል? በቀጣዩ ጥቅምት ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ እጩዎች ሲሄድ፣ እርሳቸው ከሜዳው መካከል ማንም በሌለበት ቦታ ሄደው ብቻቸውን ቆሙ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል፣ አንዱን ይዘው ዝም አይሉም ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ዝንጀሮ ብቻ ሰብስቦ ሜዳ ላይ ያቆመው ማን ነው፣ ሰው አጥተን ነው ወይ ብለው መለሱ። ይህ መልስ ዛሬም በደንገል ዳር ይነገራል። ያን ዕለት ግን ያሣቀው ጥቂቱን ነው፤ አባቴን ግን ወጋቸው። የገዛ ወንድሜ በሰው ፊት ጀርባውን ሰጠኝ ብለው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአጎቴን ደጃፍ ሳይረግጡ ብዙ ዓመት ኖሩ። እኛ ልጆቻቸው በሁለቱ ቤት መካከል ያለውን የጓያ ማሳ ተደብቀን እያቋረጥን ነው እርስ በርስ የተያየነው።

አጎቴ በዚህ እጅግ አዝነዋል። ወንድማቸውን ይወዱ ነበር፤ መውደድ ሌላ፣ ውሃ አደራ መስጠት ሌላ ነው ይሉ ነበር። ለአገር በሚደረገው በካርዱ ምርጫም ቢሆን ልማዳቸውን አልተዉም። በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ወደ ወረታ ገበያ ለሚመጡት ሁሉ፣ የዚያኛውን ወገን ክፋትማ ነገራችሁን፣ እናንተስ ምን ታውቃላችሁ፣ በንግግራችሁስ ውስጥ ስሙ ያልተነሣው ማን ነው እያሉ ይጠይቁ ነበርና፣ አንዳንዱ ሲያያቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሌላ ወገን ይዞር ነበር። እኔም አፍሬ ከጎናቸው ገለል ያልሁበት ቀን አለ።

ብቻቸውን በባዶ ቦታ መቆም ግን ነገሩን እንደማይጨርሰው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ሰው መፈለግ ጀመሩ። የወይዘሮ ካሰች ልጅ ወይዘሮ ሰገን እናታቸው ከሞቱ በኋላ በወረታ ስለ መስኖና ስለ ውሃ ማፋሰሻ ሥራ ተምረው፣ በሌሎች ቀበሌዎች ቦይ ሲያስቆፍሩ ቆይተው ወደ ታች ሰፈር ተመልሰው ነበር። አጎቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ቤታቸው እየሄዱ፣ ለውሃ አባትነት እንዲቆሙ ይለምኗቸው ጀመር። ወይዘሮ ሰገን ግን፣ እናቴን ለመቅበር እንኳ ከኋላችን ያልቆመ ሕዝብ ለሹመት ከኋላዬ ይቆማል ወይ ብለው እምቢ አሏቸው። አጎቴም፣ እኔ እቆማለሁ ብቻ አሉ። ይህንኑ ሲሉ ክረምትና በጋ ተፈራረቀ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሰገን እሺ ብለው ወጡ። በመጀመሪያው ጥቅምት ከኋላቸው የቆሙት የታች ሰፈር ጥቂት ሰዎችና ከሁሉም ፊት አጎቴ ብቻ ነበሩ፤ ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበር የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ በደንብ አይቶ በደንብ ሣቀ። ወይዘሮ ገላነሽ እንኳ ያን ዕለት ከአባቴ ኋላ ነበሩና፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሰልፍ ወጣ ተብሎ ተወራ።

ሁለተኛው ጥቅምት እንዲህ አልነበረም። ጉሙ ከሐይቁ ተነሥቶ ሩዙን፣ ከብቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑንም ሸፍኖ፣ ሜዳው ከሰማይ ሳይለይ ነጋ። ሽማግሌዎቹ ለሌላ ቀን እናድርገው ቢሉም አጨዳ ደርሶ ነበርና ሕዝቡ አልተስማማም፤ ስለዚህ እጩዎቹ በየቦታቸው ሆነው ስማቸውን በድምፅ እንዲጠሩ ተደረገ። ስማቸውን የማልጠራው ሽማግሌ ከዋርካው ሥር ጠሩ፤ አባቴ ከድንጋዩ አጠገብ ጠሩ፤ ወይዘሮ ሰገን ከቦዩ አፍ ጠሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ መሄድ ጀመረ። እኔም በዚያ ነበርሁ፤ እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል። እርጥብ ሣር ላይ የሚሄድ የእግር ኮቴ፣ አንዳንድ የሰው ትንፋሽ፣ ከሩቅ የላም ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰው ከራሱ ጋር ብቻውን ሆኖ ሲራመድ ያየሁት፣ ወይም ላየው ያልቻልሁት፣ ያን ቀን ብቻ ነው። ማንም ማንንም አያይም፤ አማት የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ላይም ታችም የለም። እኔም ወዴት እንደምሄድ ሳልወስን እግሬ ቀድሞኝ ወደ ቦዩ አፍ ሄደ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ጉሙ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ተገለጠ። መጀመሪያ የዋርካው ጫፍ ታየ፤ ቀጥሎ የሰዎች ራስ፤ ቀጥሎ ትከሻ። ከዋርካው ሥር የሽማግሌው ዘመዶች አሉ። ከድንጋዩ አጠገብ መጠነኛ ሰልፍ አለ፤ ከሰልፉ ፊት ግን አባቴ የሉም። ዘንጋቸው መሬት ላይ ተተክሎ፣ ጋቢያቸው ተደርቦበት ቆሟል፤ ለካስ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ጸጥ ብለው የተሰለፉት ከአንድ ዘንግ ኋላ ኖሯል። ከሰልፉም ፊተኛዋ ወይዘሮ ገላነሽ ነበሩ። ዛሬ በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆነውም ይህን አንብብ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው።

ከወይዘሮ ሰገን ኋላ ደግሞ ሰልፉ ቦዩን ተከትሎ እስከ ሩዝ ማሳው ድረስ ይሄዳል፤ የላይ ሰፈር ሰውና የታች ሰፈር ሰው ተቀላቅሎ፣ እርስ በርሱ እየተያየ፣ ግማሹ አፍሮ ግማሹ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ከሁሉ ፊት አጎቴ ናቸው። ከእርሳቸው ኋላ፣ በዚያው በአጎቴ ጋቢ እኩሌታ ተጠቅልለው፣ አባቴ ቆመዋል።

አባቴ ይህ እንዴት እንደሆነ ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ የነገሩኝ በዚህ ሳምንት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። ስማቸውን ከጠሩ በኋላ በጉሙ ውስጥ ብቻቸውን ሲቆሙ፣ ወንድሜ በዚህ ብርድ ዘንድሮም ብቻውን ሊቆም ነው ብለው አሰቡ። ወይዘሮ ካሰችንም አሰቡ፤ ከዚያ ክረምት በፊት የረሳኋትን ከዚያ ክረምት በኋላ አንድ ቀን ረስቻት አላውቅም አሉኝ። ዘንጋቸውን ተክለው፣ ሰው መጥቶ ቦታው ባዶ እንዳይመስለው ጋቢያቸውን አልብሰው፣ ከሁሉ ቀድመው ወደ ቦዩ አፍ ሄዱ። ከወንድማቸው ኋላ እንደ ቆሙ ብርዱ አሳላቸው። አጎቴም ወደ ኋላ ሳይዞሩ የጋቢያቸውን እኩሌታ ወደ ኋላ ዘረጉላቸው።

ወይዘሮ ሰገን በዚህ ሁኔታ የውሃ አባት ሆኑ። ቦይ ማስጠረግ የሚጀምሩት ከሁሉ ዝቅ ካለው ቤት ነው፤ ከላይ ከጀመርህ ታቹን ትረሳለህ፣ ከታች ከጀመርህ ግን ላዩ ራሱ ጮሆ ያስታውስሃል ይላሉ። ስሕተት አልሠሩም ማለት አይደለም፤ አንድ ዓመት አዲሱን ቦይ በሰው ሽምብራ ማሳ ላይ አሳልፈው አጎቴ ራሳቸው በጉባኤ ፊት ወቅሰዋቸዋል፣ እርሳቸውም አስተካክለዋል። መርጦ ዝም ማለት ግማሽ ምርጫ ነው የሚለው የአጎቴ ቃል የመጣው በዚያን ቀን ነው። የታች ሰፈር ሰዎችም ከዚያ ምርጫ በቀጣዩ ዓመት ወደ ዕድራችን ገቡ። ዛሬ የአጎቴን ቃሬዛ ከፊት ይዘው የመጡት እነማን እንደሆኑ ሁላችሁም አይታችኋል።

አቶ በላቸው ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ተይዘው በወረታና በባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ያ የጥንቱ ሕልም እንደ ተመለሰባቸው ነግረውኛል፤ ሰልፉ በሐይቁ ዳር ይሄዳል፣ ነገር ግን በየመካከሉ ይቆማል፣ ሁሉም ወደ ኋላ እየዞረ የቀረ ሰው ይፈልጋል። ፊተኛው ሰው ፊት ነበረው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እኔም ወደ ኋላ ስመለከት ነበርና አላየሁትም ብለው ሣቁ። በዚህ በያዝነው መስከረም፣ ውሃው ከሜዳው መሸሽ በጀመረበት ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ዐረፉ።

አቶ በላቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ገላነሽን፣ ልጆቻቸውን ወገኔን፣ ውዳሴንና ትሁንን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ገበያውን፣ እኛን የወንድማቸውን ልጆች፣ በሕይወት ሳሉ ልጄ እያሉ ይጠሯቸው የነበሩትን ወይዘሮ ሰገንን ትተው አልፈዋል። ከእነዚህም ሌላ በደንገል ዳር ሜዳ ላይ፣ ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ አንድ ባዶ ቦታ ትተው ሄደዋል።

ወይዘሮ ሰገን ከዚህ በኋላ ለሌላ ልልቀቅ ብለዋልና በመጪው ጥቅምት አዲስ ሰው እንመርጣለን። በዚህ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ፣ ከእገሌና ከእገሌ የትኛው ይሻል ይሆን የሚል ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ጉም በየዓመቱ አይመጣልንም፤ በጠራ ሰማይ፣ አማትም ጎረቤትም እያየን፣ የሚያውቀውንና ማንንም የማይረሳውን ሰው ፈልገን ከኋላው መቆም የእኛ ፈንታ ነው። ያን ባዶ ቦታ ማን ይቆምበታል ለሚለው፣ አባቴ ትናንት መልስ ሰጥተዋል፤ ጉልበቴ እስኪከዳኝ እኔ እቆማለሁ ብለዋል።

ያ ጋቢ ዛሬ ለሁለት ተከፍሏል፤ እኩሌታው ከአጎቴ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል፤ እኩሌታው አሁን በአባቴ ትከሻ ላይ የምታዩት ነው።

የጠፋውን አንዱን በግ ፍለጋ ዘጠና ዘጠኙን የሚተው ጌታ፣ ማንንም ላለመርሳት የደከሙትን የአገልጋዩን የበላቸውን ነፍስ በመንግሥቱ ይቀበልልን፤ በማይጨልም ማለዳ ከአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የሚቆም እግር ይስጠን። አሜን።